ጀሶ ለግድግዳ እንጂ ለገበታ አይደለም

ሰው ከገበታ ሲቀርብ እጁን ይታጠባል፤ ያመሰግናል፤ ከዚያም ይቈርሳል። እህሉን ማን እንደ ዘራው፥ ማን እንዳስፈጨው፥ ማን እንዳቦካው አይጠይቅም። ይህ አለመጠየቅ ስንፍና አይደለም፤ እምነት ነው። በተለይ በከተማ የሚኖር ሕዝብ በየቀኑ በማያውቃቸው በብዙ እጆች ላይ እምነቱን ጥሎ ያድራል። ላሟን ያለበችውን አያይም፤ በርበሬውን ያስፈጨውን አያውቅም፤ ዘይቱን የጨመቀው ምናልባት ባሕር ማዶ ያለ ሰው ነው። አባቶቻችን «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲሉ የተረቱት እንዲህ ያለውን ነገር አይተው ይመስለናል። እኛም ዛሬ ልንነጋገርበት ያሰብነው ስለዚሁ እምነትና እምነቱን በገንዘብ ስለሚለውጡ ሰዎች ነው፤ ይኸውም ለትርፍ ሲባል በምግብ ላይ ባዕድ ነገር ስለ መቀላቀል ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ገበያ ካለበት ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። ይሁን እንጂ አንዳንድ አገሮች በብዙ መከራ የተማሩትን ትምህርት ሳንከፍልበት ልንወስደው ስለምንችል፥ ታሪኩን ከሩቅ አገር እንጀምራለን። ስለ ውጭ አገር ስንናገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።

የብራድፎርድ ከረሜላ

በሰሜን እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ የምትባል የፋብሪካ ከተማ አለች። በ1858 በዚች ከተማ ገበያ ዊልያም ሃርዳከር የተባለ ሰው የናና ጣዕም ያለው ከረሜላ ይሸጥ ነበር። ከረሜላውን የሚሠራለት ጆሴፍ ኒል የተባለ ሌላ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ስኳር ውድ ስለ ነበረ፥ ከረሜላ ሠሪዎች ከስኳሩ ቀንሰው በምትኩ ርካሽ ነጭ ዱቄት መጨመር የዘወትር ልማዳቸው ነበር። ዱቄቱ በአገሬው አነጋገር «ዳፍ» ይባላል፤ ሌላ ነገር ሳይሆን ጀሶ ወይም የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ ማለታችን ነው።

አንድ ቀን ኒል ዳፍ እንዲገዛለት በቤቱ ተከራይቶ የሚኖረውን ሰው ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ላከው። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቻርልስ ሆጅሰን ታሞ ተኝቶ ነበር። ረዳቱ ዳፉ የት እንደሚገኝ ጌታውን ጠይቆ፥ ከጣራው ሥር ባለው ዕቃ ማስቀመጫ ጥግ በቆመው በርሜል ውስጥ መሆኑ ተነገረው። ረዳቱም ወጥቶ በርሜሉን ተሳሳተ። 12 ፓውንድ፥ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ያህል ነጭ ዱቄት መዝኖ ሰጠ። የሰጠው ግን ጀሶ አልነበረም፤ አርሴኒክ የሚባለው መርዝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን አንባቢ በጥንቃቄ ይከተለን። ከረሜላውን የለወሰው ሠራተኛ በሥራው ላይ እንዳለ ታመመ፤ ማንም ነገሬ አላለውም። ከረሜላው ደርቆ ሲወጣ መልኩ እንደ ወትሮው አልሆነም። ሃርዳከር ይህን አየ። አይቶም ዝም አላለም፤ ነገር ግን «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ በመጠየቅ ፈንታ «መልኩ ስላላማረ ዋጋ ቀንስልኝ» ብሎ ተከራከረ። 40 ፓውንድም በቅናሽ ገዛ። ኦክቶበር 30 ቀን ቅዳሜ ማታ ከዚሁ ውስጥ 5 ፓውንድ ያህል በገበያው ቸረቸረ። እያንዳንዱ ከረሜላ ሁለት ሰው ሊገድል የሚበቃ መርዝ ነበረበት።

በማግሥቱ እሑድ ልጆች መሞት ጀመሩ። በመጀመሪያ የኮሌራ በሽታ የገባ መስሎ ነበር። ነገሩ ተጣርቶ ወሬው ለሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይም ታመሙ። ሃርዳከር ራሱ ከታመሙት አንዱ ነበር። ሦስት ሰዎች፥ ማለት ባለ መድኃኒት ቤቱ፥ ረዳቱና ከረሜላ ሠሪው ተከሰሱ፤ ከሦስቱ ግን አንድም የተፈረደበት የለም።

እኛን እጅግ ያስደነቀን ይህ የመጨረሻው ነው። ሕጉ አርሴኒኩ እንዴት ገባ ብሎ ጠየቀ እንጂ፥ ጀሶው ለምን ይገባል ብሎ አልጠየቀም። ረዳቱ በርሜሉን ባይሳሳት ኖሮ የብራድፎርድ ልጆች እንደ ልማዳቸው ጀሶ በልተው ያድሩ ነበር፤ ማንም አንዲት ቃል አይናገርም ነበር። መርዙ በስሕተት የገባ ነው፤ ለስሕተቱ በሩን የከፈተው ግን ሁሉም እያወቀ የለመደው ማታለል ነው።

ማታለሉ በስንት መንገድ ይደረጋል?

ምግብ በሦስት ምክንያት ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው በራሱ ጊዜ ሲሻግት ወይም ሲነቅዝ ነው። ሁለተኛው በቸልተኝነት ቆሻሻ ወይም ተባይ ሲገባበት ነው። ሦስተኛው ሰው አስቦና አስልቶ ለጥቅሙ ሲያበላሸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ ንጽሕናና ጥንቃቄ ይበቃሉ። በሦስተኛው ላይ ግን አይበቁም፤ ምክንያቱም አታላዩ ሥራውን የሚሠራው እንዳይታይ ብሎ ነውና።

የአታላዩም ዘዴ በአምስት ሊከፈል ይችላል። የመጀመሪያው መበረዝ ነው፤ ወተት ውስጥ ውሃ፥ ማር ውስጥ የስኳር ሽሮፕ መጨመር ነው። ሁለተኛው መተካት ነው፤ በ2013 በአውሮፓ የበሬ ሥጋ ተብሎ በተሸጠ ምግብ ውስጥ የፈረስ ሥጋ መገኘቱ ለዚህ ምስክር ነው። ሦስተኛው ማጓደል ነው፤ ቅባቱን አውጥቶ ቀሪውን እንደ ሙሉ ወተት መሸጥ ነው። አራተኛው መደበቅ ነው፤ ያረጀውን ወይም የደበዘዘውን በቀለም ማሳመር ነው። አምስተኛው በስም መዋሸት ነው፤ የአንዱን አገር ምርት የሌላው ነው ብሎ መሸጥ ነው።

«ካልገደለ ምን አለበት?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የፈረሱ ሥጋ ማንንም አልገደለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገዢው ያልፈቀደውን በላ። በእኛ አገር ደግሞ አስቡት፤ ጿሚው የእህል ዘይት ነው ብሎ የገዛው የእንስሳ ስብ ቢገባበት፥ ሆዱን ሳያመው ሕሊናው ይደማል። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ግን ሐቀኛው ነጋዴ ነው። ንጹሑን በርበሬ በንጹሕ ዋጋ የሚሸጥ ሰው፥ አፈር ቀላቅሎ በርካሽ ከሚሸጠው ጋር ሊወዳደር አይችልም። ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት፤ ወይ ሱቁን መዝጋት፥ ወይ እንደ ጎረቤቱ መሆን። እንዲህ ሆኖ የአንድ ሰው ሌብነት የገበያው ሁሉ ልማድ ይሆናል።

ሊቃውንቱ ሲነሡ

ከብራድፎርድ አደጋ 38 ዓመት በፊት፥ በ1820፥ ፍሬድሪክ አኩም የተባለ በለንደን የሚኖር የጀርመን ተወላጅ የኬሚስትሪ ሊቅ ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ አትክልት አረንጓዴ እንዲመስል መዳብ፥ የልጆች ከረሜላ እንዲቀላ የእርሳስ ቀለም እንደሚገባበት አጋለጠ። የአንዳንዶቹን አታላዮች ስም ሳይቀር ጻፈ። መጽሐፉ በብዛት ተሸጠ፤ ጠላትም አበዛበት። ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ገጾች ቀደደ ተብሎ ተከሰሰና በ1821 እንግሊዝን ለቆ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሰውየው በሄደ ጊዜ ነገሩም አብሮ ተረሳ።

ሁለተኛው አርተር ሂል ሃሶል የተባለው ሐኪም ነው። የእርሱ ታሪክ የቡና አገር ልጆች የሆንነውን በቀጥታ ይነካናል። በዚያን ዘመን በለንደን የሚሸጠው የተፈጨ ቡና አብዛኛው ቺኮሪ የሚባል የተቈላ የተክል ሥር ይቀላቀልበት ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሊቃውንቱን አስጠይቀው፥ ቺኮሪ በቡና ውስጥ መኖሩን በኬሚስትሪም ሆነ በሌላ መንገድ ለይቶ ማወቅ እንደማይቻል በፓርላማ ተናገሩ። ሃሶል ግን ዱቄቱን በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። የቡና ፍሬና የቺኮሪ ሥር የተሠሩበት ሕዋስ በቅርጽ የተለያየ ስለሆነ፥ ተፈጭቶም ተቈልቶም ቢሆን ይለያል። የማይቻል የተባለው በአንዲት ጠብታ ውሃና በአንድ መስተዋት ተቻለ።

ከ1851 እስከ 1854 ድረስ ሃሶል ከሱቅ ሱቅ እየገዛ የመረመረውን ሁሉ «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት የነጋዴዎቹን ስምና አድራሻ ጨምሮ አወጣ። ንጹሕ የተገኘውም ስሙ በመልካም ይወጣ ነበርና፥ ሐቀኛው ነጋዴ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐቁ ተጠቀመ። ፓርላማው ጉዳዩን መረመረ፤ ከብራድፎርድ እልቂት በኋላም በ1860 የመጀመሪያው ሕግ ወጣ። ሕጉ ግን የየከተማው አስተዳደር መርማሪ ሊሾም «ይችላል» አለ እንጂ «አለበት» አላለም። ስለዚህ የሾሙት ጥቂቶች ብቻ ሆኑ። ቁም ነገር ያለው ሕግ እስኪወጣ ድረስ እስከ 1875 መጠበቅ አስፈለገ። ለወጣት ሹማምንት የምንመክረው እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት «ይችላል» የምትል ቃል አሥራ አምስት ዓመት ልታስከፍል ትችላለች።

አሥራ ሁለት ወጣቶች

በአሜሪካ ደግሞ ነገሩን በሰውነታቸው የተሸከሙት እንደ አንባብያችን ያሉ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። የእርሻ ሚኒስቴሩ የኬሚስትሪ ክፍል ሹም ሃርቬይ ዋይሊ፥ ምግብ እንዳይበላሽ ተብለው ያለ ገደብ የሚጨመሩት ነገሮች ጤና እንደሚጎዱ ይጠረጥር ነበር። ማስረጃ ግን አልነበረውም። በ1902 በሚኒስቴሩ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አንድ የምግብ አዳራሽ ከፈተ። አሥራ ሁለት ወጣቶች በፈቃዳቸው ቀረቡ። መልካም ምግብ በነጻ ይቀርብላቸዋል፤ ከምግቡ ጋር ግን በልክ የተመዘነ ቦራክስ፥ በኋላም ፎርማልዴሃይድን የመሰለ ነገር ይውጣሉ። ጋዜጠኞች «የመርዝ ጓድ» ብለው ሰየሟቸው። ወጣቶቹ ራሳቸውን እያመማቸው፥ ሆዳቸውን እየቈረጣቸው ሐኪሙ በየቀኑ መዘገበ።

እንዲህ ያለውን ፈተና ዛሬ የሚፈቅድ ሕግ የለም፤ እኛም አናመሰግነውም። ነገር ግን አገሩ ሁሉ በቀልድም በቁም ነገርም ስለ ምግቡ እንዲነጋገር አደረገ። ጁን 30 ቀን 1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግ ፈረሙ።

መመርመሪያው ሲታለል

ሊቃውንት ከተነሡ፥ ሕግም ከወጣ ነገሩ አለቀ ብለን እንዳናስብ የሚያደርገን ደግሞ የወተት ታሪክ ነው።

ወተት ሲገዛ ክብደቱ የሚመዘንበት ላክቶሜትር የሚባል መሣሪያ አለ። ውሃ የተጨመረበት ወተት ስለሚቀል መሣሪያው ያጋልጠዋል። አታላዩ ግን መጀመሪያ ቅባቱን ይገፍፋል። ቅባት ቀላል ስለሆነ፥ የተገፈፈው ወተት ከበፊቱ ይከብዳል። ከዚያ ውሃ ሲጨምርበት ክብደቱ ወደ ትክክለኛው ልክ ይመለሳል። ሁለት ጊዜ የሰረቀ ሰው አንድም ጊዜ እንዳልሰረቀ ሆኖ ያልፋል ማለት ነው።

በቻይና የሆነው ግን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ወተት ሰብሳቢዎች ወተቱን በውሃ ያበዙ ነበር። ፋብሪካዎቹ ይህን ለመከላከል የፕሮቲኑን ልክ ይመረምሩ ነበር። ይሁን እንጂ የተለመደው ምርመራ ፕሮቲኑን ራሱን አይለካም፤ በፕሮቲን ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለክቶ ከዚያ ያሰላል። ይህንን ዘዴ በ1883 ያወጣው የዴንማርኩ ኬሚስት ኬልዳል ሲሆን፥ ለሐቀኛ እህል ሐቀኛ ዘዴ ነው። አታላዮቹ ግን ናይትሮጅን የበዛበት ርካሽ ነገር ፈለጉ፤ አገኙም። ስሙ ሜላሚን ነው፤ የማይሰበሩ ሳህኖች የሚሠሩበት ነገር ነው። ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ውሃ የበዛበት ወተት ሜላሚን ሲገባበት በምርመራው ወረቀት ላይ ምርጥ ወተት ሆነ።

ሜላሚን በሕፃን ሰውነት ውስጥ ግን በኩላሊት ጠጠር ይሠራል። ነገሩ በሴፕቴምበር 2008 በይፋ ሲገለጥ 300,000 ያህል ልጆች ታመው ነበር፤ ከ50,000 በላይ ሆስፒታል ገቡ፤ ስድስት ሕፃናት ሞቱ። በ22 ኩባንያዎች ወተት ውስጥ ሜላሚን ተገኘ። ሳንሉ የተባለው ትልቁ ኩባንያ ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የወላጆች አቤቱታ ይደርሰው ነበር። አለቆቹ ካወቁ በኋላም ለሕዝቡ አልተናገሩም። በ2009 ሁለት ሰዎች በሞት ተቀጡ፤ የኩባንያው ሊቀ መንበር የነበሩትም የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። ለሞቱት ልጆች ግን ፍርዱ ዘግይቶ ደረሰ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር ነው። ምርመራ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ወተቱ «ናይትሮጅን አለህን?» ተብሎ ተጠየቀ፤ «አዎን» ብሎ መለሰ። «ወተት ነህን?» ብሎ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም። ስለዚህ መሣሪያ ብቻውን አይበቃም፤ ከመሣሪያው በስተጀርባ «ማን ይጠቀማል? ዋጋው እንዴት ሊቀንስ ቻለ?» ብሎ የሚያስብ ሰው መኖር አለበት።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችንም በቅቤ ላይ ሙዝ ወይም የአትክልት ስብ፥ በማር ላይ ስኳር፥ በበርበሬ ላይ ቀይ አፈር ወይም የሸክላ ዱቄት ተቀላቀለ የሚለው አቤቱታ ከየገበያው ይሰማል። በአዲስ አበባም ከእንጀራ ጋር ጀሶ ይቀላቀላል የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። እዚህ ላይ አንባቢ የብራድፎርድን ከረሜላ እንደሚያስታውስ አንጠራጠርም። አገሩ ሌላ፥ ዘመኑ ሌላ ነው፤ ነጩ ዱቄት ግን ያው ነው። ምክንያቱም ያው ነው፤ ያን ጊዜ ስኳር ተወደደ፥ ዛሬ ጤፍ ተወደደ።

የእናቶቻችን ብልሃት እዚህ ላይ ይታወሳል። በርበሬ በዛላው ይገዙ ነበር፤ ፀሐይ ላይ አስጥተው፥ ቀንጥሰው፥ ደልዘው ራሳቸው ያዘጋጁት ነበር። ቡናውንም ጥሬውን ገዝተው፥ ለቅመውና አጥበው ይቈሉታል። ይህ ለባሕል ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ጥበቃም ነበር። ዛላ አይዋሽም፤ ዱቄት ግን የፈለጉትን ይደብቃል። በ2005 በእንግሊዝ አገር ከተፈጨ ቃሪያ ጋር «ሱዳን አንድ» የተባለ የኢንዱስትሪ ቀለም ገብቶ ተገኝቶ፥ ያ ዱቄት የገባባቸው ከ400 የሚበልጡ የምግብ ዓይነቶች ከየሱቁ መሰብሰብ አስፈልጓል። ቀለሙ ስሙን ከጎረቤታችን ይዋስ እንጂ ጎረቤታችን በነገሩ የለችበትም።

ዛሬ ግን ቢሮ ውሎ የሚገባ ሁሉ በርበሬ ደልዞ፥ ጤፍ አስፈጭቶ ይብላ ማለት አይቻልም። በከተማ ሕይወት እጅ በእጅ መተማመን ግድ ነው። እንግዲህ ይህን እምነት የሚጠብቀው ሕግና ሕጉን የሚያስፈጽም ሰው ነው። ሕጉስ አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ምግብን አበላሽቶ የሚሸጠውን ይቀጣል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ቁጥጥሩን ደንግጓል። አዋጁ በእኛ ቀን አቈጣጠር የተጠቀሰ ነው። የጐደለ ነገር ካለ ከወረቀቱ ይልቅ በሰውየው ዘንድ ይፈለጋል።

የወጣቱ ሹም ድርሻ

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ወጣቶች መካከል ነገ በፈቃድ መስጫ ቢሮ፥ በጉምሩክ በር፥ በላቦራቶሪ ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጡ አሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለውን ተረት የሚነግራቸው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ባለሥልጣን ዕቃውን ሳያይ በምርመራ ወረቀት ላይ የሚፈርምበት ቀን፥ የበላው ገንዘብ አይደለም፤ የሌላውን ልጅ ወተት ነው። ምናልባትም የራሱን ልጅ፤ ሃርዳከር የሸጠው መርዝ ራሱን አልማረውም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በልባቸው እንዲይዙ እንለምናቸዋለን። አንደኛ፥ ዋጋን ይመርምሩ፤ ዱቄቱ ከጥሬው እህል ረክሶ ከተሸጠ ልዩነቱን የሚሞላ አንድ ነገር መግባቱ አይቀርምና። ሁለተኛ፥ ንጹሕ ሆኖ የተገኘውን ነጋዴ በይፋ ያመስግኑ፤ ሃሶል ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ቅጣት ብቻውን ገበያ አያቀናም። ሦስተኛ፥ ትንሹን አቤቱታ አይናቁ፤ በቻይና መጀመሪያ የጮኹት ሊቃውንት አልነበሩም፤ የልጃቸው ሽንት ቀለም ያስፈራቸው ወላጆች ናቸው።

ገዢውም ከነገሩ ነጻ አይደለም። እኛ ራሳችን እጅግ የረከሰውን ቅቤ ስናገኝ ደስ ብሎን ለጎረቤት እንነግራለን እንጂ፥ እንዴት ረከሰ ብለን አንጠይቅም። የብራድፎርዱ ነጋዴም ከረሜላው መልኩ ተለውጦ ባየ ጊዜ በእጁ ሁለት ጥያቄዎች ነበሩት፤ «ለምን?» የሚለውና «በስንት?» የሚለው። «በስንት?» የሚለውን መረጠ። ሌላውን መርጦ ቢሆን ኖሮ በማግሥቱ እሑድ ያ ሁሉ ቤት ባላለቀሰ ነበር።